በወይዘሮ ፒኬት ጓሮ የሚያልፈው መስመር

«አስራ አንድ ደቂቃ! አስራ አንድ ደቂቃ ሙሉ የወይዘሮ ፒኬትን የልብስ ማስጫ ምሰሶ ይዞ ቆሞ ነበር እኮ ነው የምልሽ።»

ሮዛሊ ይህን የሰማችው በወንድሟ በግሌን ቤት የጓሮ በር ላይ፣ ጫማዋን ምንጣፉ ላይ እየጠረገች ሳለች ነው። ግሌን ጀርባውን ሰጥቷት ከአረጋውያን መኖሪያው ሴትዮ ጋር በስልክ ያወራል። የአባታቸውን ጥፋት እንደ ከሳሽ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና አርብ፣ ቤቱን ቆልፎ ይጠፋል። የሰው ጓሮ አጥር እየከፈተ ይገባል። ብቻውን ቆሞ «አለሁ» እያለ ያወራል። ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከኪሎ የሚበልጥ የነሐስ ቁራጭ ተሸክሞ ይዞራል። ሲጠሩት ደግሞ አይሰማም፤ ቢሰማም አይመልስም። ሴትዮዋ በዚያ በኩል ምን እንዳለች አይታወቅም፣ ግሌን ግን «አዎ፣ አዎ፣ አስር ሰዓት ላይ ሁለታችንም እንፈርማለን» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ዘወር ሲል እህቱን አያት። አባታቸውን መኖሪያው የሚያስገባው ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከፒዛ ቤት ማስታወቂያ ጎን ተለጥፏል። ከታች ሁለት የፊርማ መስመሮች አሉት፤ አንዱ የእሱ፣ ሌላው የእሷ፤ አንዱ ከጎደለ ወረቀቱ ዋጋ የለውም።

ግሌን ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ባለፈው ጥር በረዶ ሲጥል አባቱን ፍለጋ በመኪና ሦስት ሰዓት ዞሯል፣ ሲያገኛቸውም አልቅሷል። ግን ከእናታቸው ሞት ወዲህ ባሉት ሰባት ወራት በዚህ ቤት ስለ ሽማግሌው ብዙ ተወርቷል፣ ከሽማግሌው ጋር ግን አልተወራም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ሮዛሊ በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆና ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው የሚያመው ቦታና አመመኝ ብሎ የሚያሳየው ቦታ አንድ አለመሆኑን ነው።

«ሳልፈርም በፊት አንድ ቀን በዓይኔ ልየው» አለችው።

«ምን ልታዪ? እንደ ሌባ ከኋላ ከኋላው ልትከተዪው ነው?»

«አዎ።»

«ተከተዪው እንግዲህ። አስር ሰዓት ላይ ግን እዚህ ተገኚ፣ ሮዝ። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። አቶ ሩዲ ሁዳክ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ጢማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው፣ በሚያዝያ ፀሐይ ያን ጥቁር ሰማያዊ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ልክ ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል ከቤታቸው ወጡ። የካፖርቱ ቀኝ ኪስ በነሐሱ ክብደት ወደ ታች ተጎትቷል። ሮዛሊ ከመኪናዋ ወርዳ ራቅ ብላ ተከተለቻቸው። ሽማግሌው የሄዱት ወደ ጎማ ቤቱ ነው። ከፒትስበርግ ወደ ሸለቆው የሚወርደው መንገድ ላይ ያለ ትልቅ የሸክላ ሕንፃ ሲሆን፣ በሩ ላይ «አራት ጎማ በሁለት መቶ ዶላር» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

«ሦስት ሰዓት። እወጣለሁ» አሉ።

ዘይት የነካው ጎማ ጠጋኝ ከአንድ መኪና ሆድ ሥር ሳይወጣ «መንገዱ ክፍት ነው፣ አቶ ሁዳክ!» ሲል መለሰላቸው። የለመደው ነገር መሆኑ ከድምፁ ያስታውቃል። ሮዛሊ ከቆመ ቫን ጀርባ ተደብቃ እየተገረመች ሳለች፣ አባቷ ዞር ሳይሉ፣ ለማንም የሚናገሩ ሳይመስሉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ተሳፋሪ ከሆንሽ ጠጋ በይ። ካልሆንሽ ከሐዲዱ ላይ ውረጂ።»

በጎማ ቤቱ መስታወት ውስጥ ከመጀመሪያው አይተዋታል። ሮዛሊ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ ጉንጯ እንደ ልጃገረድ ቀላ። ወደ እግሯ ስታይ እውነትም ሲሚንቶው ውስጥ ሁለት የብረት መስመሮች እንደ ጠባሳ ተጋድመዋል፤ ከጎማ ቤቱ ሆድ ወጥተው፣ የእግረኛ መንገዱን አቋርጠው አስፋልቱ ሥር ይሰወራሉ። ይህን ሕንፃ ዕድሜዋን ሙሉ ታውቀዋለች፤ ጎማም ቀይራበታለች። የዴልሮይ መስመር የኤሌክትሪክ ባቡሮች ያድሩበት እንደነበር የሚነግራት ሰው ግን አልነበረም፤ ወይም የሚነግራት ሰው ነበረና እሷ አልጠየቀችውም። አባቷ ባቡር ነጂ እንደነበሩማ ታውቃለች። እሷ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች መስመሩ ተዘጋ፣ እሳቸውም ጡረታ እስኪወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዱ። በቤታቸው የሚታወቀው አውቶቡሱ ነው፤ የባቡሩ ነገር ሆድ ይፍጀው ተብሎ ቀርቷል።

«ወዴት ነው የምንሄደው፣ አባዬ?» አለችና በስተቀኝ ዞረች፤ የግራ ጆሯቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አይሰማምና።

«ዴልሮይ። አምስት ማይል ከሩብ። አስራ ዘጠኝ ፌርማታ። ዋጋው አስር ሳንቲም ነበር፣ አንቺ ግን የሠራተኛ ቤተሰብ ነሽ፣ በነፃ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ሮዛሊ ስታስታውሰው የምትኖረው ነው። አንድ ሰው በራሱ ከተማ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ኖሮ ዕውር ሊሆን ይችላል ለካ። አባቷ በማይታይ ነገር ላይ፣ በሚታይ ነገር እየተመሩ ይሄዳሉ። አንዱ ሰፈር መሐል ሰፊ የሣር መሬት አለ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ለጌጥ የተወው ይመስላት ነበር፣ ሐዲዱ ያልፍበት የነበረ መሬት ኖሯል። ሌላው ጋ ሦስት ቤቶች ጎረቤቶቻቸውን ያኮረፉ ይመስል ከመንገዱ አግድም ዞረው ቆመዋል። ፊታቸውን የሰጡት ለመኪና መንገዱ ሳይሆን ለባቡሩ ነው፤ ባቡሩ ሄዶ እነሱ ቀሩ። የመጥምቃውያን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ፣ ከሰው ቁመት እጥፍ ከፍ ብሎ፣ የጽጌረዳ ቅርጽ ያለው ብረት ተተክሏል። አቶ ሩዲ በጣታቸው አሳዩዋት። የኤሌክትሪኩን ሽቦ ከዚህ ማዶ እስከዚያ ማዶ ወጥሮ የያዘው እሱ ነበር። የአንዱ ሰውዬ አጥር ቋሚዎች የተቆረጡ ሐዲዶች ናቸው፤ ሰውዬው በየዓመቱ አረንጓዴ ቀለም ይቀባቸዋል፣ ምን እንደሚቀባ ግን አያውቅም። አባቷ ይህን ሁሉ ሲያሳዩ አይቸኩሉም፣ አያጋንኑም፤ በየፌርማታው ቆም ይላሉ፣ ግራ ቀኝ ያያሉ፣ ይሄዳሉ። በአንዱ ጥግ ላይ ከሌላው ረዘም አድርገው ቆሙ። ሮዛሊ ምክንያቱን ስትጠይቅ፣ እዚህ ጋ ፒያኖ የሚቃኝ ዓይነ ስውር ይሳፈር እንደነበር፣ ለእሱ ደወሉን ሁለቴ ይደውሉለት እንደነበር፣ ከዘንጉ ጋር ተረጋግቶ እስኪወጣ እንደሚጠብቁት ነገሯት። ሰውየው ከሞተ አርባ ዓመት ሆኖታል። ሮዛሊ አባቷን አየቻቸው፤ ኮራችባቸው፤ የኮራችው ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ አሳፈራት።

ከኮረብታው ጎን፣ እሾህና ቁጥቋጦ መሐል፣ አስራ አራት የድንጋይ ደረጃዎች ከምንም ተነስተው ወደ ምንም ይወጣሉ። ሮዛሊና ግሌን ልጆች ሳሉ ይህን ቦታ በሩጫ ነበር የሚያልፉት።

«እዚህ የነበረው ቤት ተቃጥሎ ሰባት ሰው አልቋል፣ አይደል?» አለች።

አቶ ሩዲ ቆሙ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሲስቁ የሰማቻቸው ከእናቷ ቀብር ወዲህ ዛሬ ገና ነው።

«ማን ነው ሰባት ሰው ያቃጠለብሽ? የሆሎው ፌርማታ ደረጃ ነው! ወይዛዝርቱ ጭቃ እንዳይነካቸው እኔ ራሴ በረዶውን እጠርገው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም? ማታ ማታ እንቅልፍ አጥተን ነበር እኮ!»

«ጠየቃችሁኝ?»

ይህች ቃል ቀላል ሆና ብትወጣም ሮዛሊ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ከኮረብታው እንደወረዱ ምሳ ልትጋብዛቸው ወደ አንዲት ሱቅ ገባች፤ እሳቸው ግን የዋጋ ዝርዝሩን አንብበው ወጡ። «አራት ዶላር ከሃምሳ፣ ለአንድ ሳንዱች? በዚህ ገንዘብ አርባ አምስት ሰው ዴልሮይ አደርሳለሁ!» ብለው ከካፖርታቸው ግራ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ምሳ አወጡ። ዳቦ፣ እንደ ወረቀት ሳስቶ የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ፣ ሰናፍጭ። ሁለት ነው። አንዱን ሰጧት። ሁለት መሆኑን ልብ አለች፣ ማለዳ ሲያዘጋጁት እሷ እንደምትመጣ አያውቁም ነበርና። ለማን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም፤ ያደገችበት ዝምታ በአንድ ቀን አይለቅም።

ሰባት ሰዓት ገደማ የወይዘሮ ፒኬት ጓሮ ደረሱ። አባቷ የአጥሩን መዝጊያ እንደ ባለቤት ከፍተው ገቡ፣ ሮዛሊም እፍረቷን ውጣ ተከተለች። የልብስ ማስጫው ምሰሶ ወፍራም፣ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ፣ የዛገ ብረት ነው፤ ልብስ ለማስጣት ይህን የሚያህል ብረት የሚያቆም ሰው እንደሌለ እስከዛሬ የጠረጠረ አልነበረም። አቶ ሩዲ ቀኝ እጃቸውን ምሰሶው ላይ አሳረፉ። ሰዓታቸውን አዩ። ቆሙ። ይሄው እንግዲህ ግሌን ያለው ነገር ነው፤ ሽማግሌው በሰው ጓሮ፣ በተሰጡ አንሶላዎች መሐል፣ ዓይናቸውን መስመሩ ወደሚታጠፍበት አቅጣጫ ተክለው፣ ፍዝዝ ብለው ቆመዋል። ሮዛሊ ደነገጠች። እስካሁን ያየችው ሁሉ ጤና ነበር፤ ይሄኛው ግን ምን ይባላል?

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ምን እየጠበቅን ነው?»

«ተቃራኒውን ባቡር።»

ወረቀቱ ትዝ አላት። ሽማግሌው ግን ፊቷን አይተው ኖሮ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት ጀመሩ።

«አላበድኩም፣ ሮዝ። እንደማይመጣ አውቃለሁ። ስሚኝ። መስመሩ ነጠላ ነበር። አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ባቡር። እኔ ስወርድ ሌላው ይወጣል፤ ሐዲዱ ሁለት የሚሆነው እዚህ ብቻ ነው፣ ማሳለፊያው ላይ። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይጠብቃል። ሌላው ሳይመጣ ከወጣህ፣ ወይ ሞተሃል ወይ ገድለሃል። የሚወጣው ባቡር የብረት ፋብሪካውን ፈረቃ ጭኖ ስለሚመጣ በሰዓት ሰሌዳው የኔ መቆሚያ አስራ አንድ ደቂቃ ነው። የዚያን ባቡር ነጂ ታውቂያታለሽ።»

«ታውቂያታለሽ? ሴት ናት?»

«እናትሽ ናት።»

ከዚያ አቶ ሩዲ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ያልተናገሩትን ተናገሩ። በጦርነቱ ጊዜ እሳቸውን በጆሯቸው ምክንያት ጦሩ አልተቀበላቸውም፤ ሌሎቹ ወንዶች ሲዘምቱ ኩባንያው ሴቶችን ነጂ አድርጎ ቀጠረ። የሮዛሊ እናት አይርማ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። በቀን አራት ጊዜ እዚህ ማሳለፊያ ላይ መስኮት ለመስኮት ይተያያሉ፤ በአራተኛው ሳምንት እሳቸው ሳንዱች አቀበሏት፣ በስምንተኛው እሷ ሳቀችላቸው። ከዚያ ያ የጥር በረዶ መጣ። እሳቸው ሃያ ስድስት ሰው ጭነው ደረሱ፣ እሷ የለችም። አስራ አንድ ደቂቃ ሞላ፣ ሃያ ሞላ። ምሰሶው ላይ የነበረው የነጂዎች ስልክ ሞቷል። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ፤ አንዱ ጠበቃ ከሥራ አስባርርሃለሁ አለ፤ አንዱ ደግሞ አንገታቸውን አነቀ፤ ሴት አምነህ ልትገድለን ነው፣ እቤቷ ሄዳ ተኝታለች፣ ንዳ! አሉ። ሩዲ ከነሐስ የተሠራውን የመንጃውን እጀታ ነቅለው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱና ተቀመጡበት። ያለ እጀታ ባቡሩ አይነቃነቅም።

«አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ» አሉ። «ከዚያ በበረዶው ውስጥ አንድ ፋኖስ አየሁ። በእግሯ ነው የመጣችው። ባቡሯ ከዚህ ታች፣ መታጠፊያው ላይ፣ ብርሃን አጥቶ ሠላሳ አንድ ሰው እንደያዘ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሯል። ቁልቁለት ነው፤ ብወርድ ኖሮ ሳላየው ነበር የምገባበት። እና ፋኖሷን ከፍ አድርጋ ‹አለህ?› አለችኝ። ‹አለሁ› አልኳት። ሌላ ነገር አላልኩም። ጥርሴ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ቀኝ ኪሳቸውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ነሐሱ ድምፅ ሰጠ። ሮዛሊ አባቷን ማቀፍ ፈለገች፣ ግን በቤታቸው መተቃቀፍ የተለመደ ስላልነበረ እጇን ወስዳ ምሰሶው ላይ፣ ከእጃቸው አጠገብ አሳረፈች። ብረቱ በፀሐይ ሞቋል።

«ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ላገኛት አልቻልኩም» አሉ። «እዚህ ግን መጠበቅ አውቃለሁ። አስራ አንድ ደቂቃ ብቻ፤ ከዚያ እሄዳለሁ። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፣ ሮዝ። ከፒዛው ጎን። ከልጆቼ ጋር አልጣላም፤ የምትሉኝ ቦታ እገባለሁ። ግን እዚያ ቤት በሩን የሚቆልፉት በእነሱ ሰዓት ነው።»

የጓሮው በር ሲጥ አለ። ወይዘሮ ፒኬት የልብስ ቅርጫት እንደታቀፉ ብቅ አሉ። ፊታቸው ላይ የጥፋተኛ ሰው መልክ አለ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ። ወንድምሽ ‹ዳግመኛ ከመጣ ይደውሉልኝ› ብሎኝ ነበር… ደወልኩ። አቶ ሁዳክ፣ ውሃ ላምጣልዎት? ደክሞዎታል?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ ፒኬት። አራት ደቂቃ ነው የቀረኝ።»

«አራት ደቂቃ ለምን?» ብለው ሴትዮዋ ወደ ሮዛሊ ዞሩ።

የሮዛሊ መልስ ሳታስበው ከአፏ ወጣ። «ለሚወጣው ባቡር ነው። እናቴ ነበረች የምትነዳው። ይሄ የልብስ ማስጫ የባቡሩ ምሰሶ ነው፣ ወይዘሮ ፒኬት።» ሴትዮዋ ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ፣ ከዚያ ሽማግሌውን አዩ። ሠላሳ ዓመት ልብስ ያሰጡበትን ነገር አሁን ገና እንዳዩት ያስታውቃል። ቅርጫቱን አስቀምጠው፣ የሽማግሌውን ፊት የጋረደውን እርጥብ አንሶላ ወደ ጎን ሰበሰቡላቸው።

ግሌን የመጣው ያኔ ነው። ትልቁን መኪናውን በችኮላ ከጓሮው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ አቁሞ፣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ፣ በሩን ሳይዘጋ ወረደ። ከአባቱ በግራ በኩል መጥቶ «አባዬ፣ ና እንሂድ» አለ። መልስ የለም። ደገመ። መልስ የለም። ወደ እህቱ ዞሮ እጁን ዘረጋ፤ አየሽው? ማለቱ ነው።

«በደንቆሮው ጆሮው በኩል እኮ ነው የቆምከው፣ ግሌን። ሃምሳ አምስት ዓመትህ ነው፣ ዛሬም በዚያ በኩል ነህ።»

«ሮዝ፣ አሁን የጆሮ ጊዜ አይደለም። እዚሁ እንፈርምና ሴትዮዋ ሳትጠብቅ…»

«አልፈርምም።»

«ምን?»

«አልፈርምም አልኩህ። ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ አብሬው እሄዳለሁ፣ ከሥራ ቀን ቀይሬ። አርብን ደግሞ አንተ ታውቃለህ። እማዬና አባዬ የት እንደተዋወቁ ታውቃለህ?»

«ሥራ ቦታ ነዋ።»

«የት ሥራ ቦታ?»

እሷ እስከ ዛሬ እንዳላወቀች ሁሉ፣ ግሌንም አያውቅም። አቶ ሩዲ በዚህ ሁሉ መሐል ሰዓታቸውን አዩ። እጃቸውን ከምሰሶው አነሱ። ካፖርታቸውን አስተካከሉና መራመድ ጀመሩ፤ የጓሮውን የታች መዝጊያ ከፍተው ሲወጡ ግን የግሌን መኪና መንገዱን ሙሉ በሙሉ ዘግቶባቸዋል። ከጎኑ ዞሮ ለማለፍ ሰፊ ቦታ ነበር። አልዞሩም። ፊት ለፊቱ ቀጥ ብለው ቆሙና ልጃቸውን አዩት። ቁጣ የለባቸውም። ድምፃቸው በሥራው ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነበር።

«መኪናህን ከሐዲዱ ላይ አንሳ፣ ልጄ።»

ግሌን እህቱን አየ፣ ወይዘሮ ፒኬትን አየ፣ ከዚያ ወደ መሬት አየ። ከጎማው ሥር፣ አስፋልቱ በተላጠበት፣ የአንድ ክንድ ያህል ርዝመት ያለው ብረት ወጥቶ በፀሐይ ያብለጨልጫል። የኋላ ጎማው በቀጥታ የተቀመጠው በላዩ ላይ ነው። ረጅም ጊዜ አየው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ጥጉን ይዞ አቆመ። ሽማግሌው ግራ ቀኝ አይተው አለፉ። ሮዛሊ ተከተለች። ጥቂት እንደሄዱ የመኪና በር ሲዘጋ፣ ቀጥሎ የሚሮጥ እግር ሰማች። ግሌን ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሰባቸው፤ በግራ በኩል መጣ፣ ለአፍታ ቆመ፣ በአባቱ ጀርባ ዞሮ በስተቀኝ ተሰለፈ።

«እስከ ዴልሮይ ስንት ፌርማታ ቀረን?» አለ።